አፏን የዘጋችው መልእክተኛ

ተረት ተረት!

«የላም በረት!»

ላሟን ለዛሬ ተዉአት፤ ደክሟታል። ዛሬ «የጆሮ እራት» ነው የምትሉት። እስቲ እንደገና። ተረት ተረት!

«የጆሮ እራት!»

እንዲያ ነው። እናንተ ልጆች ወደ እኔ ጠጋ በሉ። እናንተ ትልልቆቹ ደግሞ እዚያው ግድግዳውን ተደግፋችሁ ወሬያችሁን ቀጥሉ። ይህ ተረት የልጆች ነው። እናንተን ከቶ አይመለከትም። ትልቅ ሰው ምን ይማራል? ሁሉን አውቆ ጨርሶ የለም እንዴ!

በድሮ ዘመን፣ ከአንድ ወንዝ ማዶ፣ በቆሎ በሚበቅልበት አገር፣ አንዳርጌ የሚባል ሰው ነበር። አንዳርጌ ሽማግሌ ነበር። በዕድሜው አይደለም፤ በሥራው ነው። የተጣላ ያስታርቃል። ድንበር የተጋፋ ይለያል። ከሾላው ዛፍ ሥር ይቀመጥና የሰውን ሁሉ ብሶት ይሰማል። ደግሞ አሰማሙ! አገጩን ከዘራው ላይ ያስደግፋል። ዓይኑን ጨፈን ያደርግና «እህ... እህ...» ይላል። አገሬውም፦ «እንደ አንዳርጌ የሚሰማ ጆሮ አልተፈጠረም» ይል ነበር። እውነት ነው፤ ጆሮው ጥሩ ነበር። ብቻ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሾላው ሥር ረስቶት ይመጣል።

ሚስቱ የሺመቤት ትባላለች። ጥጥ ፈታይ ናት። ፈትሏ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የተሳለ ነው። ሠፈርተኛው ፈትሏን ይወድላታል፤ ምላሷን ይፈራታል።

አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው። በስንት ስለት የተገኘች ናት። ስሟን ማንጠግቦሽ አሏት። «ማን አይቶ ይጠግብሻል!» ማለታቸው ነው። መቼም ስም ማውጣት ላይ ወላጅን የሚያህለው የለም። ስሙን አውጥተው ሳይጨርሱ ጠገቧት እንጂ! አፏን እስክትፈታ «መቼ ይሆን የምትናገረው?» እያሉ ሲጨነቁ ከረሙ። አፏን ስትፈታ «እልል!» አሉ። ከዚያ ወዲያ ያሏት ቃል ቢኖር «ዝም በይ» ነው። ልጅ እንዲናገር ይሳላሉ፤ ሲናገር ዝም ያሰኛሉ። የወላጅ ነገር!

አንድ ቀን እነአንዳርጌ ቤት እንግዶች መጡ። ምሳ ቀረበ። አንዳርጌ አንድ ጊዜ ጎረሰና በእንግዶቹ ፊት፦ «ወጡ ጨው አንሶታል» አለ።

የሺመቤትም፦ «ጨው ካነሰው ከወሬህ ነስንስበት፤ ላገር የሚበቃ አለህ» አለችው።

እንግዶቹ ሳቁ። አንዱማ ትን ብሎት ጀርባውን ደበደቡት። አንዳርጌ ግን አልሳቀም። በደም የተፈላለገን የሚያስታርቅ ሰው፣ በጨው ተቀየመ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሚስቱን አላናግርም አለ። እሷም፦ «ተገላገልኩ» አለችና ዘጋችው።

እንግዲህ ቤቱ አንድ ነው። ምድጃው አንድ፣ በሩም አንድ ነው። ሳይነጋገሩ እንዴት ይኖራሉ? ለእንዲህ ያለው ነገር ደግሞ ትልቅ ሰው ብልሃት አይጠፋውም። ማንጠግቦሽ አለች አይደል!

አንዳርጌ መደቡ ላይ ይቀመጥና፦ «ማንጠግቦሽ፣ እናትሽን ውኃ ስጪኝ ብሏል በያት» ይላል። እናትየው እዚያው ናት። እጁን ቢዘረጋ ይነካታል። ማንጠግቦሽም ትሄድና፦ «እማዬ፣ ውኃ ስጪኝ ብሏል» ትላለች።

«አባትሽን፣ እጅህ ምን ሆነ ብላለች በይው።»

«አባዬ፣ እጅህ ምን ሆነ ብላለች።»

ሁሉም ይሰማሉ፤ ሁሉም ያልሰማ ይመስላሉ።

ልጅቷ መጀመሪያ ላይ ጨዋታ መስሏት ነበር። ቃሉን እየሮጠች ታደርሳለች። በመሃል የራሷን ነገር ጣል ለማድረግ ትሞክራለች። «አባዬ፣ ጥርሴ እየተነቃነቀ...» ስትለው፦ «አስቀድመሽ የላኩሽን አድርሺ!» ይላታል። «እማዬ፣ ጥርሴ...» ስትላት፦ «ትልልቅ ሰዎች ሲነጋገሩ ልጅ በመሃል አይገባም!» ትላታለች። ልብ በሉ። በዚያ ቤት ውስጥ የሚነጋገር ትልቅ ሰው አልነበረም። በመሃል ያስገቧትም እነሱው ናቸው።

ቃል ደግሞ እንደ ሊጥ ነው፤ ሲያድር ይኮመጥጣል። በውኃ የተጀመረው መልእክት ወደ ዘመድ ተሻገረ። «እናትሽን፣ የእናትሽን ክፉ አመል ወረስሽ ብሏል በያት።» «አባትሽን፣ ዘር ማንዘርህ ጉረኛ ነው ብላለች በይው።» ማንጠግቦሽ ጉረኛ ማለት ምን እንደሆነ አታውቅም። ግን ታደርሳለች። አንዲት ቃል አትጨምርም፣ አንዲት ቃል አታጎድልም። እንዲህ ያለ ታማኝ መልእክተኛ ንጉሥም አልነበረው።

ከዚያም አንድ ማለዳ አንዳርጌ ከዘራውን አነሳና፦ «እናትሽን፣ አንቺን ያገባሁበት ቀን ይጥፋ ብሏል በያት» ብሎ ወጣ። ወዴት ትሉ እንደሆነ፣ ባልና ሚስት ሊያስታርቅ ነው።

ማንጠግቦሽ አደረሰች። የሺመቤት እንዝርቷን አስቀመጠች። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነችና አለቀሰች። ልጅቷ እዚያው ቆማ አየቻት።

አባትየው ሲመለስ እናትየው፦ «አባትሽን፣ ነገ ጓዜን ጠቅልዬ ወደ አባቴ ቤት እሄዳለሁ ብላለች በይው» አለች። ማንጠግቦሽ ይህንንም አደረሰች። አንዳርጌ እራቱን ገፋ አደረገው። ፊቱ ጠቆረ። ወጣና ደጁ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ልጅቷ እሱንም አየችው።

በማግስቱ አንዳርጌ፦ «ማንጠግቦሽ፣ እናትሽን...» ብሎ ጀመረ። ማንጠግቦሽ ዝም አለች። «አንቺ ልጅ፣ አትሰሚም?» አላት። ትሰማለች። ግን ዝም አለች። እናትየውም ጓዟን ልትጠቀልል ተነሥታ ነበርና፦ «ማንጠግቦሽ፣ አባትሽን...» ስትል፣ ያው ዝም። እንዲያው ከንፈሯን ገጥማ ዓይን ዓይናቸውን ታያለች።

መጀመሪያ የተቆጩት በምን ይመስላችኋል? በልጃቸው? የለም፣ መልእክቱ ባለመድረሱ ነው! ውለው ካደሩ በኋላ ግን ደነገጡ። ልጅቷ ከሰው ጋር አትናገርም። ስትጠራ አቤት አትልም። እህል ሲሰጧት ሁለቴ ጎርሳ ትተዋለች። የሺመቤት ልቧ ተሸበረ። ጓዟን ፈታችና፦ «ልጄ ታማ የትም አልሄድም» አለች። ይህን ለማን እንዳለችው እንጃ፤ ማንጠግቦሽ ግን ሰምታለች።

አሁን ታረቁ ብላችሁ ነው? ወይ እናንተ! መልእክተኛ ቢያጡ ሌላ ሾሙ። አንዳርጌ ወደ ምሰሶው ይዞርና፦ «አንተ ምሰሶ፣ ሴትየዋ መድኃኒት አዋቂ ታስጠራ በላት» ይላል። የሺመቤትም ወደ ድመቷ ዞራ፦ «አንቺ ድመት፣ ሰውየው ራሱ ሄዶ ያምጣ በይው» ትላለች። ድመቷ ብልህ ነበረች። ቤቱን ለቃ ጎረቤት ገባች።

መድኃኒት አዋቂው መጣ። ስሙ አባ ዘገዬ ይባላል። እንደ ስሙ ዘግይቶ መጣና ልጅቷን ፈዞ አያት። አፏን አስከፈተ። ምላሷን ጎተተ። ከዚያም፦ «የሰው ዓይን ነው። ዓይን ምላሷን አስሮታል» አለ። የሚመር ሥር ቀቅሎ አጠጣት። ማንጠግቦሽ ጠጣችና በአባ ዘገዬ ጋቢ ላይ መለሰችው። አባ ዘገዬም፦ «ደግ ነው፤ ዓይኑ ወጣ» አለና ጋቢውን እየጠረገ ሄደ። ልጅቷ ግን ያው ዝም ናት።

የአባት ዘመዶች መጡና፦ «በእናቷ ወገን ነው» አሉ። የእናት ዘመዶችም መጡና፦ «ባባቷ ወገን ነው» አሉ። ሁሉም ስለ ምላሷ ተናገረ። የምላሷን ባለቤት ግን «ምን ሆንሽ?» ብሎ የጠየቃት የለም። ለምን ይጠይቃታል? ልጅ ምን ያውቃል!

በዚህ መሃል አንዳርጌ ሾላው ሥር መዋሉን አልተወም። አንድ ቀን የተኳረፉ ባልና ሚስት ቀረቡለት። እሱም አገጩን ከዘራው ላይ አስደግፎ ሰማቸውና፦ «እንዴት ባልና ሚስት ተኳርፎ ይኖራል? ተነጋገሩ እንጂ! የማይነጋገሩበት ቤት መቃብር ነው» አላቸው። ሸንጎው፦ «ወይ ማስተዋል! ወይ ጥበብ!» አለ። አንዳርጌ ራሱም ጥሩ እንደተናገረ ተሰማው። ከዚያ ግን መቃብር የሚለው የራሱ ቃል ደረቱ ላይ ተቀመጠበት። የልጅቷ የተገጠመ ከንፈር መጣበት። ሸንጎውን ሳይበትን ተነሣና ወደ ቤቱ ሄደ።

ቤት ሲደርስ ልጅቷ የለችም። እናትየውም የለች። ልጇን ፍለጋ ወጥታለች። እሱም በወንዙ በኩል ዞሮ ወደ በቆሎው ገባ። በቆሎው ከሰው በላይ ነው። ሲሄድ ሲሄድ ድምፅ ሰማ። ቆመ። የማንጠግቦሽ ድምፅ ነው!

ሊጮህ ነበር። ግን ምን እንደያዘው እንጃ፣ ዝም ብሎ ቅጠሉን ገለጥ አደረገ።

ማንጠግቦሽ ከጎረቤት ልጅ ከእንይሽ ጋር እቃቃ ትጫወታለች። አሸዋው ዱቄት ሆኗል። ቅጠሉ እንጀራ ሆኗል። እንይሽ የበቆሎ ጭራ ከንፈሯ ላይ ለጥፋ ባለ ሪዝ አባወራ ሆናለች። ማንጠግቦሽ እናት ናት። በመሃላቸው ደግሞ ከበቆሎ ቆረቆንዳ የተሠራች አሻንጉሊት ጨርቅ ለብሳ ተቀምጣለች። እሷ ልጃቸው ናት።

እንይሽ ድምፅዋን ጎርናና አድርጋ፦ «አንቺ ልጅ! እናትሽን፣ እርቦኛል ብሏል በያት!» አለች። አሻንጉሊቷ ዝም። እንይሽም ሪዟን ይዛ፦ «ይቺ ልጅ ለምን አታደርስም?» አለች።

ማንጠግቦሽ፦ «አትናገርም። አፏን በጭቃ ደፍኜዋለሁ» አለቻት።

«ለምን?»

«መጥፎ አፍ ስለሆነ ነዋ። እሱ ሲከፈት እናቷ ታለቅሳለች። አባቷም እራቱን አይበላም። ጠቡ ያለው እሷ አፍ ውስጥ ነው።»

«መቼ ነው የምትከፍችላት?»

«አልከፍትላትም። ከከፈትኩት እናቷ ጓዟን ጠቅልላ ትሄዳለች። ያን ጊዜ የቀረችው ይቺ ዝም ስላለች አይደል?»

እንይሽ ትንሽ አሰበችና፦ «እሺ፣ ሲርባትስ?» አለች።

ማንጠግቦሽም የአሻንጉሊቷን ጨርቅ አስተካከለችላትና፦ «ትችለዋለች» አለች።

አንዳርጌ በዘመኑ ስንት ክስ ሰምቷል። እንዲህ ያለ ክስ ግን ቀርቦለት አያውቅም። ከሳሽ የለም። ተከሳሹ እሱ ነው፤ ዳኛውም እሱ ነው። ከዘራውን ጨበጥ አደረገ። ያኔ ከማዶ በኩል በቆሎው ተንኮሻኮሸ። ቀና ቢል የሺመቤት ናት። በቤት በኩል መጥታ፣ እሷም ሁሉን ሰምታለች። ድምፅ እንዳታሰማ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ይዛለች። እንባዋ ይወርዳል።

ዞሮ አጠገቧ ሄደ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«የሺመቤት» አላት።

«ለማን ነው የምትናገረው?» አለችው።

«ላንቺ።»

«እንዲያ ከሆነ ሰምቻለሁ» አለችው።

«አፏን የደፈንኩት እኔ ነኝ።»

«ብቻህን መስሎህ ነው? ጭቃውን ያቦካሁት እኔ ነኝ።»

በሉ እንግዲህ፣ አጥፍተናል አሉ፤ ትልልቆች ናቸውና አሁኑኑ ሊያስተካክሉት ፈለጉ። ዘው ብለው ወጡ። ማንጠግቦሽ ስታያቸው ከንፈሯን ገጠመች። አንዳርጌ ጋቢውን አጣፋና፦ «ልጄ ሆይ፣ የሰው ልጅ ሲኖር ሲኖር ይሳሳታል...» ብሎ ንግግር ጀመረ። ለሸንጎ ቢሆን ያስለቅሳል። ልጅቷ ግን መሬት መሬት አየች። የሺመቤት ደግሞ፦ «ማሬ፣ ቅቤ በማር እሰጥሻለሁ፤ አዲስ ቀሚስ አሰፋልሻለሁ፤ ብቻ አንድ ቃል በይ» አለች። ልጅቷ አሻንጉሊቷን አቀፈችና ጀርባዋን ሰጠቻቸው።

ይኸኔ እንይሽ ተቆጣች። እንይሽ ለጨዋታዋ ቀናኢ ናት። «አያ አንዳርጌ፣ እዚህ መቆም አይቻልም። እንጀራውን እየረገጡት ነው። ወይ ይቀመጡና ይጫወቱ፣ ወይ ይውጡ» አለችው።

አገር የሚያከብረው ሰው ግራ ገባው። ሚስቱን አየ። ሚስቱ ቁጭ አለች። እሱም ጋቢውን ሰብስቦ አፈሩ ላይ ቁጭ አለ።

«እኔ አባት ነኝ። እትዬ የሺመቤት እናት ይሁኑ። እርስዎ ልጅ ይሁኑ» አለች እንይሽ። ከዚያም ሪዟን አስተካክላ፦ «አንተ ልጅ!» አለችው።

አንዳርጌም፦ «አቤት» አለ።

«እናትህን፣ ካሁን በኋላ አልፈልግሽም፣ ከቤቴ ውጪ ብሏል በላት!» ይህን ከየት ሰማችው አትበሉኝ። የተጣላ ቤት አጥር የለውም።

አንዳርጌ ወደ ሚስቱ ዞረ። ሊላት አፉን ከፈተ። የሺመቤት ዓይን ዓይኑን ታየዋለች፤ ዓይኗ ገና እርጥብ ነው። ቃሉን ቢውጠው አይዋጥም፤ ቢተፋውም አይወጣም። ጨዋታ መሆኑን ያውቃል። ግን አፉን መልሶ ገጠመ።

«አድርስ እንጂ!» አለች እንይሽ።

«አላደርስም» አለ አንዳርጌ።

«እንዴት አላደርስም ትላለህ? ልጅ አይደለህ?»

«ልጅ ነኝ። ለዚህ ነው የማላደርሰው። ቃሉ የኔ አይደለም። ከብዶኛል። ራስህ ንገራት።»

ነፋሱ በቆሎውን ያወዛውዘዋል። ከዚያም ከጀርባቸው ቀጭን ድምፅ፦ «እንደሱ ማለት ይቻላል እንዴ?» አለ።

ሁሉም ዞሩ። ማንጠግቦሽ ናት።

«ከብዶኛል፣ ራስህ ንገራት ማለት... ይቻላል?»

አገር ሁሉ ፍርድ የሚጠይቀው አንዳርጌ ከዘራውን አፈሩ ላይ አስቀመጠ። ኋላም፦ «ይቻላል፣ ልጄ። ካሁን በኋላ አንልክሽም። ብንልክሽም እምቢ በይን» አላት።

«አትቆጡም?»

የሺመቤት መዋሸት አትወድም። «እንቆጣ ይሆናል» አለቻት። «ቁጣው ግን የእኛ ነው። አንቺ አፍ ውስጥ ጠብ የለም። ኖሮም አያውቅም።»

«ትሄጃለሽ?»

«የትም አልሄድ።»

ማንጠግቦሽ አሰበችበት። ከዚያም ስንጥር አነሳችና የአሻንጉሊቷን አፍ ጭቃ ቀስ እያለች ጫረች። የሺመቤት እጇ ሊያግዛት ተነሥቶ ነበር፤ መልሳ ሰበሰበችው። ጭቃው ሁሉ ሲወጣ ልጅቷ አባቷ ጭን ላይ ተቀመጠችና መናገር ጀመረች። ምን ተናገረች? ታላቅ ነገር እንዳትጠብቁ። ስለ አንድ ጥንዚዛ ነው። ጥንዚዛው እበት እያንከባለለ ዳገት ሲወጣ አየችው። እበቱ ተንከባሎ ወረደበት። እንደገና ጀመረ። እንደገና ወረደበት። እሷ በቅጠል ልትረዳው ብትል ተቆጣት። ምናልባት ቤት እየሠራ ይሆናል። ምናልባት ሚስት አለችው። ምናልባትም እራቱ ነው። ደግሞ አንድ እግሩ...

ወሬው ማለቂያ የለውም። ከመንገድ በኩል የሸንጎው ሰዎች መጡና፦ «አንዳርጌ! ኧረ ሰው ይጠብቅሃል! ሸንጎውን ሳትበትን የት ገባህ?» እያሉ ተጣሩ።

አንዳርጌም እጁን አውጥቶ፦ «ቆዩ፤ ነገር እየሰማሁ ነው» አላቸው።

«ምን ነገር?»

«የጥንዚዛ!» አለና ወደ ልጁ ዞረ። «እህ... አንድ እግሩ ምን ሆነ?»

ሰዎቹ፦ «አንዳርጌ አበደ፤ የሰው ዓይን በላው» እያሉ ተመለሱ። መድኃኒት አዋቂው አባ ዘገዬም ወዲያው ሥር መቀቀል ጀመረ አሉ።

ከዚያ ወዲያ አንዳርጌና የሺመቤት ሳይጣሉ ኖሩ ብዬ ልዋሻችሁ? ባልና ሚስት ናቸው እንጂ መላእክት አይደሉም። ይጣላሉ። አንዳንድ ቀን ድምፃቸው ወንዙን ይሻገራል። ብቻ ፊት ለፊት ቆመው፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ነው የሚጣሉት። እንዲያ ሲሆን ደግሞ ጠብ ቶሎ ይደክማል። ማንጠግቦሽ ደጁ ላይ ሆና ትሰማቸዋለች። ትንሽ ታዳምጥና ማንም እንዳልጠራት ስታውቅ፣ ወደ ጨዋታዋ ትመለሳለች።

ተረቴን መልሱ፣ ጉሮሮዬን በወተት አርሱ። ወተት የለም ካላችሁም ግድ የለም፤ ጭኮም ቢሆን አልጠላም።